ከካርድ ክፍል እስከ ዕድር ቤት፦ ከአእምሮ ሕመም ለሚያገግሙ ሰዎች የአቻ ቡድን አመሠራረት

የአቻ ለአቻ ድጋፍ ቡድን ለመጀመር ሁለት ሰው ይበቃል። ባነር፣ ማይክራፎንና የአበል ዝርዝር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሕመሙን በራሱ ላይ ያየ ሰውና ያንን ሰው በሳምንት አንድ ቀን የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች የማከፋፍል ሴት ነኝ። ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ የሚነሣበትና የሚወድቅበት የአእምሮ ሕመም አለብኝ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ሐኪም አይደለሁም። ቡድናችን ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን ዕድር ቤት ይሰበሰባል። "እኛስ ሰፈር እንዴት እንጀምር?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ በስልክ የምደጋግመውን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ቡድኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ልናገር፤ እዚህ ላይ ካልተግባባን ቀሪው አይጠቅማችሁም። ሰው በአእምሮ ሕመም ሲታመም ቀድሞ የሚወሰድበት ግዴታው ነው። ከሆስፒታል ሲመለስ ቤተሰቡ "አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ" ይላል። ሽንኩርት አያስልጧትም፣ ሕፃን አያስይዟትም፣ ዕቁብ አያስገቧትም፣ ለቅሶ ሲሄዱ ጥለዋት ይሄዳሉ። በደግነት ነው፤ እኔም ቤት እንዲሁ ነበር። መድኃኒቱ የአእምሮዬን ሩጫ አቆመልኝ እንጂ ከአልጋ አላስነሣኝም፤ ብነሣም ባልነሣም የሚጎድል ነገር አልነበረማ። ስለዚህ በእኔ እምነት የአቻ ቡድን ዋና ሥራ ለሰው ትንሽ ትንሽ ግዴታ መልሶ መስጠት ነው። የልብን መጫወቱ ሁለተኛ ነው። ብዙ ቡድን ተጀምሮ የሚፈርሰው ወሬ ብቻ ሲሆን ነው፤ ወሬ ያልቃል።

"ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚላችሁ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዓይነት ቡድን መመሪያ አሳትሟል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ከቤት በሚባረርበት ዘመን፣ መቅድምና ተስፋ ጎህ የሚባሉትን ማኅበራት ያቋቋሙት ቫይረሱ በደማቸው ያለ የእኛው ሰዎች ናቸው። እርስ በርስ እየተጠያየቁ፣ እየተቀባበሩ ነው ያን ጊዜ ያለፉት። በአእምሮ ሕመም በኩል ዘገየን እንጂ መንገዱን እናውቀዋለን።

ሰው ከየት ይገኛል?

ከቀጠሮ ወረፋ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቀጠሮ አብዛኛውን ጊዜ በወር ወይም በሁለት ወር ስለሆነ፣ ካርድ ክፍሉ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተመሳሳይ ፊቶች ይመላለሳሉ። የመጀመሪያ ቀን "ምን ሆነህ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ወረፋው ስንት ደረሰ?" በቂ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያው ሰው ከመጣ "ስንጨርስ ሻይ እንጠጣ" ማለት ይቻላል። አስታማሚ አብሮት ካለ ለአስታማሚው ሳይሆን ለራሱ ተናገሩ። ይህች ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ለብዙዎቻችን ሰው ዐይናችንን አይቶ ካናገረን ቆይቷል።

ሁለተኛው በር የክፍሉ ነርስ ናት። የታካሚ ስልክ እንድትሰጣችሁ አትጠይቋት፤ ምስጢር ስለሆነ መስጠት አትችልም። የእናንተን ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧትና "የሚፈልግ ካለ ይደውልልኝ" በሏት። ሦስተኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ የትኛው ቤት ማን በር ተዘግቶበት እንደተቀመጠ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ማስታወቂያ ግን አትለጥፉ። ግድግዳ ላይ "የአእምሮ ሕመምተኞች ስብሰባ" የሚል ወረቀት አይቶ የሚመጣ ሰው የለም፤ የሚመጣው ማን እንደገባ ሊያይ የሚፈልግ ጎረቤት ነው።

አሁን ሕመሙ ያየለበትን፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛውን፣ የሚበላውን የሚጠራጠረውን ሰው ወደ ቡድን አታምጡት። እሱ መጀመሪያ ሐኪም ያስፈልገዋል። ሆስፒታል ጠይቁት፣ ቤተሰቡን አግዙ፣ ሲረጋጋ ቦታው እንደሚጠብቀው ንገሩት። ከአሥራ ሁለት ሰው በላይም አትሁኑ፤ ከዚያ ካለፈ ሁሉም ሳይናገር ይመሻል።

ቦታው

ሰው ቤት አይሆንም፤ ባለቤቷ ትደክማለች፣ ባሏ ያኮርፋል፣ አከራይ ይጠይቃል። ሆስፒታል ግቢም አይሆንም፤ እዚያ ስንገባ ሁላችንም ታካሚ እንሆናለን። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሙስሊሙን፣ የመስጊድ ግቢ ክርስቲያኑን ያርቃል። ያለን ዕድር ቤት ነው። ሰው ካልሞተ በስተቀር ቅዳሜ ከሰዓት ባዶውን ይውላል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ ተቆልሎ።

ለመጠየቅ ብቻችሁን አትሂዱ። ወርኃዊ መዋጮውን ያላስተጓጎለ፣ በሰፈሩ የተከበረ አንድ የዕድሩን አባል ይዛችሁ ሂዱ። የእኛ ሊቀመንበር ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ስጋታቸውን አልደበቁም።

"ልጄ፣ ወንበሩን ቢሰባብሩብንስ?"

"ጋሼ፣ ባለፈው ሠርግ የተሰበሩትን ወንበሮች የሰበረው ጤነኛ ነው።"

ሳቁ። ከዚያ ኪራይ አንስተው ጠየቁኝ። ገንዘብ የለንም፤ ግን በየቅዳሜው ቤቱን እንጠርጋለን፣ ከለቅሶ የተመለሰውን ድስትና ትሪ እናጥባለን አልኳቸው። ተስማሙ። ከሁሉም ስምምነታችን የበለጠ የጠቀመን ይኸው ነው። ሰፈርተኛው በበሩ ሲያልፍ የሚያየው "እብዶች ተሰብስበው" አይደለም፤ የዕድሩን ድስት በአመድ የሚፈትጉ ሰዎች ነው። ሰላምታው ከዚያ ጀመረ።

ስለ ምዝገባ የሚያስጨንቃችሁ ካለ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርና ዕቁብን የመሰሉ ባህላዊ ተቋማትን አይመለከትም። በዕድር ጥላ ሥር ቡና እየጠጡ ለመጠያየቅ ፈቃድ አይጠየቅም። በድርጅት ስም ገንዘብ ልትሰበስቡ ወይም ከለጋሽ ልትቀበሉ ስትሉ ግን መመዝገብ ግድ ነው። የእኔ ምክር መጀመሪያ አካባቢ የለጋሽ ብር አትንኩ። ብር ሲመጣ ሊቀመንበር ለመሆን የሚፈልግ ሰው አብሮ ይመጣል።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት

ስምንት ሰዓት ያልኩት በምክንያት ነው። ማታ መድኃኒት የወሰደ ሰው ጠዋት ጭንቅላቱ ከባድ ነው፤ እስከ ረፋድ ቢተኛ አይፈረድበትም። አሥር ሰዓት ላይ ስንበተን የታክሲ ሰልፉ ገና አልረዘመም፤ ሴቶቹም ሳይጨልም ቤት ይገባሉ። ሰዓቱን አታዛውሩ። ዝናብ ቢሆን፣ አንድ ሰው ብቻ ቢመጣ፣ በሩ በሰዓቱ ይከፈት።

ቡና ይፈላል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ረከቦት ፊት የተቀመጠች ሴት ሁሉን ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ስትቆላ ጭሱን ለሰው ታዞራለች፣ ስትቀዳ ስኒ ትቆጥራለች፣ ስኳር ስንት ትላለች፤ ሰው የልቡን ተናግሮ ሲጨርስ እሷ ገና ጀበናውን እየደገነች ነው። ስለዚህ ቡና ማፍላት በተራ ይሁን፣ ወንዶቹም ይግቡበት። የቡድናችን የመጀመሪያ ሳቅ የመጣው አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቡናውን አሳርረው "ይሄ ለቀለም ይሆናል" ያሉ ቀን ነው። የተቆላና የተፈጨ ከገዛችሁ ጊዜ ይተርፋል። ጭንቀት ላለበትና እንቅልፍ እንቢ ላለው የጦስኝ ሻይ በፔርሙስ ይቅረብ፤ "አንድ ስኒ ብቻ" እያላችሁ አታስገድዱ።

የጨዋታውን ቅደም ተከተል ከጀበናው ወስደነዋል። አቦል ላይ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ብቻ ይናገራል፦ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ምን እንደበላ፣ መድኃኒቱን እንደወሰደና እንዳልወሰደ። ታሪክ የለም፣ ማብራሪያ የለም። ዝም ብሎ የኖረ ሰውም "አምስት ሰዓት፤ ሽሮ፤ አዎ" ማለት አያቅተውም። ቶና ላይ ልቡ የከበደበት ይናገራል። በረካ ላይ የሳምንቱ ሥራ ይከፋፈላል። በረካን ሳይጠጣ የሚሄድ ሰው ሥራ ሳይይዝ ሄደ ማለት ስለሆነ፣ በሩ ላይ እንይዘዋለን።

ቶና ላይ የምንከተላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ካልተጠየቅን አንመክርም። አንሰብክም፤ ወደ የትኛውም እምነት። "አይዞህ" ጥሩ ቃል ናት፤ ሰውዬው ሳይጨርስ ከተወረወረች ግን አፉን ትዘጋዋለች፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ትምጣ። አንድ ሰው "ጎረቤቴ መተት አሠርታብኛለች" ቢል "እውነት ነው" አንለውም፣ "ቅዠት ነው" ብለንም አንከራከረውም። "ያስፈራል። ሌሊቱን እንዴት አደርከው?" እንለዋለን። መልሱ "አልተኛሁም" ከሆነ የሚቀጥለው ጥያቄ መቼ ሐኪም ዘንድ እንደሚሄድና ማን እንደሚሸኘው ነው።

ግዴታ ማከፋፈል

ቁልፍ ያዥ፣ ቡና አፍይ፣ መዝገብ ያዥ፣ ደዋይ፣ ጠያቂ፣ ድስት አጣቢ። ማንም ያለ ሥራ አይቀመጥም፤ አዲስ መጪም ቢሆን ሁለተኛ ቅዳሜው ላይ አንድ ነገር ይይዛል። መሪ የሚባል የለንም።

ስለ ቁልፉ ልንገራችሁ። ስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም ሐሳብ የሚዛባበትና የሌለ ድምፅ የሚሰማበት ሕመም፣ ያለበት አንድ ወጣት አለ፤ መጥቶ ጥግ ይዞ ይቀመጥ ነበር፣ ከአቦል ሦስት ቃሉ ውጪ አይናገርም። ቁልፉን ሰጠነው። እናቱ ደውላ "እባካችሁ አታስጨንቁት፣ ይጥለዋል" አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አርፍዶ መጣ፤ እኛ ጀበናውን ታቅፈን በር ላይ ቆመን ጠበቅነው። አንዳችን "ቁልፉን ለሌላ ሰው እንስጠው" አለ። አልሰጠንም። ሰው አንዴ ሲያረፍድ ሥራውን ከነጠቃችሁት ቤተሰቡ ያደረገውን ደገማችሁት ማለት ነው። "ጠበቅንህ፤ ብርድ ነበር" አልነው፤ ሌላ ነገር አላልነውም። ዛሬም አንዳንዴ ያረፍዳል። ግን ሲያረፍድ ይደውላል።

የደዋይ ሥራ ሐሙስ ማታ ነው። "ቅዳሜ ትመጣለህ? ስኳር የማምጣት ተራው ያንተ ነው" ብሎ መደወል። አንድ ቅዳሜ የቀረ ሰው ይደወልለታል። ሁለተኛ ከቀረ ሁለት ሰው ቤቱ ይሄዳል፤ ባዶ እጅ አይኬድም፣ እንጀራም ሎሚም ይሁን። ሲደርሱ ከወሬው ይልቅ ቤቱን ይዩ፦ መጋረጃው በቀን ተዘግቷል ወይ? ስልኩ ስንት ቀን ጠፍቷል? ንግግሩ ፈጥኗል ወይስ ጨርሶ ቀርቷል? ዕቃውን ለሰው እያከፋፈለ ነው? ጫት ወይም ካቲካላ ተጨምሮበታል? ጫት እንቅልፍ ይነሣል፣ ያለውንም ሕመም ያባብሳል፤ ይህን ከመካከላችን ብዙዎች በራሳችን አይተነዋል።

መድኃኒት፣ ጾም፣ ጸበል

ማንም አባል ለሌላው ክኒን አይሰጥም፤ መጠን ጨምር፣ ቀንስ፣ ተው አይልም። ግን ስለ መድኃኒት በደንብ እናወራለን፤ ሰው መድኃኒቱን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ለሐኪሙ ሊናገር ባፈረበት ነገር ነውና። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ሰውነት መገተር፣ የወር አበባ መዛባት፣ ውፍረት፣ የወሲብ ፍላጎት መጥፋት። "አንተንም?" የሚል አንድ ሰው ሲገኝ እፍረቱ ግማሽ ይሆናል። ከዚያ ለቀጠሮው ቀን ሦስት መስመር ይጻፋል፦ ምን እንዳስቸገረ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከምን የተነሣ ማቆም እንደተፈለገ። ሐኪሙ ፊት የምንቀመጥባት ጊዜ አጭር ናት፤ ያልተጻፈ ነገር ይረሳል። ሃሎፔሪዶል የሚያመጣው መገተር መፍትሔ አለው፤ ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ፀሐይ ስለሚያቃጥለው ጃንጥላ ይያዝ፤ ኦላንዛፒን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ሶዲየም ቫልፕሮኤት የምትወስድና መውለድ የምታስብ ሴት ከማርገዟ በፊት ለሐኪሟ ትናገር፣ ፅንስ ይጎዳልና። በራሷ ግን አታቁም።

ጾም ሲመጣ አንድ ቅዳሜ ለእሱ ብቻ ስጡ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳንም ወር ሙሉ ነው። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ሳይበላ ሳይጠጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ መግሪብ ሲቆይ ሰውነቱ ውኃ ያጥረዋል፣ መድኃኒቱም ደሙ ውስጥ ይከማቻል። ማቅለሽለሽ፣ የባሰ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ የምላስ መተሳሰር ከታየ ያው ቀን ሆስፒታል ነው። ከጾሙ በፊት ሐኪም ይጠየቅ፤ ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ ጋርም ይመከርበት። የታመመን ሰው ጹም ብለው የሚያስገድዱ አባት እስካሁን አላጋጠሙኝም፤ የሚያስጨንቀን ራሳችን ነን።

ስለ ጸበል ክርክር አትክፈቱ። አብዛኞቻችን ሄደናል፣ አሁንም የምንሄድ አለን። ጥያቄው መድኃኒቱ በቦርሳው አብሮ ይሂድ ወይስ ቤት ይቅር የሚለው ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። "መድኃኒት የጸበሉን ኃይል ይሽራል" ለሚል ዘመድ እኔ ይህን ነው የማነሣለት። በሰንሰለት ማሰር ላይ ግን ቡድናችን አይደራደርም። የታሰረ ሰው እንዳለ ከሰማን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆነን ቤተሰቡን እናነጋግራለን፤ በቁጣ ሳይሆን፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ እናትየዋ ያሰረችው ሌላ መንገድ አጥታ ነው።

በደህና ቀን የሚጻፍ ወረቀት

ከምንሠራው ሁሉ ይህን ብቻ ብትወስዱ አይቆጨኝም። ሰው ደህና በሆነበት ጊዜ፣ ሲታመም ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ በራሱ ቃል ይጽፋል። በሦስት ኮፒ፦ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለሚያምነው ዘመድ፣ አንዱ ለቡድኑ ጠያቂ። በሕግ ፊት የሚያቆም ሰነድ አይደለም፣ ቃል ኪዳን ነው። የእኔ እንዲህ ይላል፦

"ምልክቴ፦ ሦስት ሌሊት ተከታትሎ ከአራት ሰዓት በታች ከተኛሁ፤ በሌሊት ሰው ላይ ስልክ ከደወልኩ፤ ጤፍ በዱቤ በኩንታል ካዘዝኩ። ያን ጊዜ ለእህቴ ደውሉ። የኤቲኤም ካርዴን ለእሷ ስጡ፤ እንቢ ብል ይህን ወረቀት አሳዩኝ። አትከራከሩኝ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ከሰው ግርግር አውጡኝ። ሆስፒታል ስንሄድ ሁለት ሰው ብቻ ይምጣ፤ ጎረቤት አትጥሩ። እጄን አትሰሩ። ልጄን ከትምህርት ቤት የምታመጣው የፎቁ ጎረቤቴ ናት፣ አነጋግሬያታለሁ። ሱቆቹ ከጠየቁ 'አሟታል፣ ሳምንት ትመጣለች' በሉ። ሊጡ እንዳይበላሽ ለእህቴ ስጧት።"

ሊጡ ሲነበብ ሰው ይስቃል። ግን ወረቀቱ የሚሠራው እንዲህ እስከ ሊጡ ድረስ ሲወርድ ነው። "ድጋፍ አድርጉልኝ" የሚል ወረቀት ማንንም አያንቀሳቅስም። በየዓመቱ መስከረም ላይ አውጥታችሁ አድሱት፤ ስልክ ይቀየራል፣ ጎረቤት ይለቃል።

ዕቁብ ከጀመራችሁም ከዚሁ ወረቀት ጋር አያይዙት። የእኛ ዕቁብ ትንሽ ናት። ዕጣ የወጣለት ሰው በዚያ ሰሞን ምልክቱ ከታየበት ብሩ ለሚቀጥለው ዙር እንደሚቆይለት አስቀድሞ ፈርሟል። እኔም ፈርሜያለሁ።

ሞትን ስለሚያስብ ሰው

እዚህ ላይ ምስጢር አይሠራም፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቅዳሜ ለሁሉም ንገሩ። አንድ ሰው "እኔ ባልኖር ይሻላል" ካለ ወይም ከጠረጠራችሁ በቀጥታ ጠይቁ፦ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙውን ጊዜ እፎይ ያሰኘዋል። "አዎ" ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ለቤተሰቡ ንገሩ፣ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ያንኑ ቀን ውሰዱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቤት ውስጥ የተባይ መርዝ ካለ ይውጣ፤ ክኒኑ የሳምንት የሳምንት እየተቆጠረ በዘመድ እጅ ይሁን። ከሆስፒታል ሲመለስ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ጠያቂ በየቀኑ ይደውል።

ቤተሰብና ምስጢር

አስታማሚዎችን በእኛ ቅዳሜ አታስገቡ። እናት ካለች ልጁ አይናገርም፤ እሷ ትመልስለታለች። ለእነሱ በወር አንድ ቀን ለብቻቸው ይሁን፤ እነሱም የሚያለቅሱበት የላቸውም። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች ጋር የተሠራና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። የሠለጠኑ የአካባቢው ልጆች ቤት ለቤት እየሄዱ ታማሚውንም ቤተሰቡንም ያግዙ ነበር፣ ከሰፈር ሽማግሌዎችና ከእምነት አባቶችም ጋር ይነጋገሩ ነበር። በዓመቱ ሲታይ የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ ይህም የተጨመረላቸው የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ያከናውኑ ነበር። ሐኪምም ሰፈርም ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

የቴሌግራም ግሩፓችን ስም "የቅዳሜ ቡና" ነው። የድምፅ መልእክት አንልክም፤ ስልክ በቤት ውስጥ በብዙ እጅ ያልፋል። ፎቶ የለም፤ ሊጎበኘን የመጣ ድርጅት ካሜራ ሲያወጣ ቡናውን አጠጥተን ሸኝተነዋል። መንገድ ላይ አንድ አባል ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ ስናገኘው፣ እሱ ቀድሞ ሰላም እስኪለን እንጠብቃለን።

ወደ ሰፈር

ቡድኑ ማረፊያ ሆኖ ከቀረ ከሽፏል። ቀስ በቀስ ሰው ወደ ለቅሶው፣ ወደ ዕድሩ፣ ወደ ማኅበሩ መመለስ አለበት። ለቅሶ መጀመሪያ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፣ ንፍሮውን ቅመሱ፣ ተነሡ። "የት ጠፋህ?" ለሚል "አሞኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል" ይበቃል። የሕመሙን ስም ማንም ዕዳ የለበትም። ባይፖላር ያለበት ሰው ለቅሶ ቤት ካርታ ሲጫወቱ አብሮ አያድር፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይውጣ። እኔን ሕመሙን የሚያስጀምረኝ አንድ ሌሊት ሳይተኙ ማደር ነው፤ ለፋሲካ ሌሊት እንኳ ቀን ተኝቼ ነው የምሄደው።

በሕመም ምክንያት የዕድር መዋጮ የተቋረጠበት ካለ ከጸሐፊው ጋር ተነጋግራችሁ ውዝፉ በየወሩ እየተከፈለ ስሙ ወደ መዝገብ ይመለስ። አንድ አባላችን ስሙ በተመለሰ ማግሥት ቀብር ቀርቶ ቅጣት ተጻፈበት። እኛ ተናደድን፤ ገና ያገገመ ሰው እንዴት ይቀጣል ብለን ልንሟገትለት ተነሣን። እሱ ግን ደረሰኙን ኪሱ ውስጥ አጥፎ ይዞ ለሁላችንም ያሳይ ነበር። "ቀሪ ብለው ጻፉኝ" ይላል፣ እየሳቀ። ከሕመሙ ጀምሮ ቀረ ያለው ሰው አልነበረማ።

ስትበዙ

አሥራ ሦስተኛው ሰው ሲመጣ ለሁለት መከፈልን አስቡ። የሚቀራረቡበትን ሰፈር አይታችሁ ሦስት አራት ሰው አንድ ላይ ይውጣና በራሱ ዕድር ቤት ይጀምር። የመጀመሪያውን ወር ቡናና ስኳር ስጧቸው፣ ደንቡን በእጅ ገልብጡላቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ከነባሮቹ አንድ ሰው ሄዶ ይቀመጥ፤ ቡናውን ግን እነሱ ያፍሉ። ከዚያ በኋላ ካልጠሯችሁ አትሂዱ፤ በሐሙስ ጥሪ ግን ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ይቆይ።